ቆመው የሚሉት «ሶሪ»

ትናንት የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ስታልፍ እግሬን ረገጠችኝ። ቀና እንኳ ሳትል «ሶሪ!» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች... ደሜ ፈላ። ይህ ቃል እኮ እንጀራዬን ያሳጣኝ ቃል ነው!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አሰላ ለአንድ ፈረንጅ የመንገድ መሐንዲስ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። እናቴን የምጦረው በዚያች ደሞዝ ነው።

አንድ የገበያ ቀን ከዲክሲስ ስንመለስ ላንድሮቨሩን ራሱ እየነዳ ይከንፋል... ቅቤ ይዘው ገበያ የሚወርዱ አዴ ጫልቱ የሚባሉ እናትን በጎን ገፍቶ ጭቃ ውስጥ ጣላቸው። ቅላቸው ተሰበረ፣ ቅቤው ከጭቃ ጋር ተለወሰ። ፈረንጁ አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ «ሶሪ!» አለና ማርሽ አስገባ።

ወይ ፍንክች! አዴ ጫልቱ ተነስተው ሲንቄያቸውን ይዘው መኪናው ፊት ቆሙ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር የምትቀበላት ዘንግ ናት፤ የተበደለች ሴት እሷን ይዛ ከቆመች ወንድ አልፎ አይሄድም። ጮኸው ሲጣሩ የመንደሩ ሴት ሁሉ ሲንቄውን ይዞ ወጣ።

«ማል ጄዴ? ምን አለ?» አሉኝ አዴ ጫልቱ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ ነው የሚሉት።»

«ተቀምጦ?»

ዞሬ ፈረንጁን አየሁት።

ፈረንጁ ክላክሱን እያስጮኸ «ሶሪ ብያለሁ! መንገዱን ይልቀቁ በላቸው፤ አለዚያ ሥራህን እርሳው!» ብሎ አፈጠጠብኝ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ግን እኚህ ጭቃ የለበሱ ሴትዮስ የሰው እናት አይደሉም? በሩን ከፍቼ ወረድኩና ከሴቶቹ ጎን ቆምኩ።

«አልልም!» አልኩት። «እዚህ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለው ቆሞ፣ እርጥብ ሳር ይዞ ነው። ከፈለጉ ራስዎ ይውረዱ።»

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተፋጠጥን። በመጨረሻ ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከመንገዱ ዳር ሳር ነጭቶ፣ ጎንበስ ብሎ «ሶሪ» አለ። አዴ ጫልቱ እኔ ሳልተረጉም ሳሩን ተቀበሉት።

«እህ... አሁን ገባኝ» አሉ።

በማግስቱ ቢሮው አስጠርቶ አሰናበተኝ። ወንበሩ ላይ እንደተደላደለ «ሶሪ» ጨመረበት።

«ተነስተው ይበሉኝ!» አልኩት። እስኪነሳ ድረስ ንቅንቅ አላልኩም... ተነሳ።

የልጅ ልጄንም ትናንት ከጓዳ ጠራኋት፤ ስልኳን አስቀምጣ ነው የመጣችው!