ባጭሩ

ሰው ሁሉ የሚያንገበግበው አንድ ቃል አያጣም። ባለቤቴ «ነገ ተመለስ» የሚል የቢሮ ሰው ካጋጠመው ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። ጎረቤቴ «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን» ብሎ የሚጀምር ሰው አትወድም፤ እውነቷን ነው፣ ከዚያ በኋላ ደህና ነገር መጥቶ አያውቅም። የእኔ «ባጭሩ» ነው። ልጆቼ ወሬ ሳወራላቸው «እማ፣ ባጭሩ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እነሱ በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ፍርድ ቤት አልተቀመጡም።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ አስተማሪ ሆኜ ገና መቀጠሬ ነበር። አባቴ በክረምቱ ሞተ፤ እናቴ ጃጁራ አጠገብ ባለው ቤታችን ብቻዋን ቀረች። ለቅሶ ደራሹ ገና ሳያልቅ የአባቴ ወንድም መጣና ከቤቱ ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ የእኔ ነው አለ። ዓመት ሙሉ የምትበላው ቆጮ የሚወጣው ከዚያ ጓሮ ነው። በእኛ አገር እንሰት የሴት እጅ ሥራ ነው፤ ችግኙን የምትተክለውም፣ ከቦታ ቦታ የምታዛውረውም፣ እበት የምታለብሰውም እሷ ናት። ጓሮውን ከወሰዱባት የሚቀርላት ባዶ ቤት ነው።

የሰፈር ሽማግሌዎች ነገሩን ሰምተው ወደ እሷ ማዘንበላቸውን ሲያይ አጎቴ ክሱን ሆሳዕና ወሰደው። ብልጥ ነው። ከገበያ ገበያ ሲነግድ ስለኖረ አማርኛው ይንቆረቆራል። እናቴ ከሀዲይኛ ሌላ አታውቅም፤ ችሎቱ ደግሞ በአማርኛ ነው። እኔ ላስተርጉምላት ብዬ ጠየቅሁ። ዘመድ ለዘመዱ አያስተረጉምም ተባልኩ። የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ የእኛው አገር ሰው፣ በሀዲይኛ አፉን የፈታ ነበርና ደስ አለኝ። ሞኝነቴ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት የሚናገር ሰው የልቡን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ አይዘረግፍም። አንድ ነገር ይናገርና ዝም ይላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሰማን፣ ቀጥል» ሲለው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሳይባል መቀጠል ብልግና ነው፤ ዋናው ነገር ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያን ስትጸልይ እንኳ እናቴ ጉባኤው አሜን እስኪላት ትጠብቅ ነበር።

ተራዋ ደረሰና ቆመች። «እኔ ተድሬ ስመጣ ያ መሬት ቁጥቋጦ ነበር» አለችና ዝም አለች። ዳኛውን አየች። ማንም ምንም አላለም። «ችግኙን ያመጣሁት ከእናቴ ጓሮ ነው» አለች፤ አሁንም ጠበቀች። አስተርጓሚው ጣሪያውን ያያል። «ባሌና እኔ መነጠርነው» አለችና እንደገና ጠበቀች። ዳኛው «ጨርሳለች?» ብለው ጠየቁ።

«ጨርሳለች ጌታዬ» አለ አስተርጓሚው። እሷን አልጠየቃትም። ወጉን አጥቶት አይደለም፤ የገዛ እናቱም እንዲሁ ነው የምትናገረው። «ባጭሩ፣ ባሌ ሞቷልና ጓሮው ይሰጠኝ ነው የምትለው።»

ተነስቼ «ገና አልጀመረችም» አልኩ። ፖሊሱ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። አያቴ በሕይወት ሳለ መሬቱን ለሁለቱ ልጆቹ አካፍሎ ነበር፤ አጎቴ ድርሻውን ተቀብሎ ሸጦታል። ሲያካፍል አብረው የነበሩት ሽማግሌዎች ከበሩ ውጭ ተቀምጠው እስኪጠሩ ይጠብቁ ነበር። እናቴ መጨረሻ ላይ ያኖረችው ይህን ነው።

አጎቴ ተነሳና እንዳሻው ተናገረ፤ ለሟቹ ወንድሙ ስለነበረው ፍቅር ሳይቀር። እሱን አሳጥር ያለው የለም። ከሰዓት በኋላ ጓሮው ተፈረደለት።

ደጅ ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች «ምን አልኩ?» አለችኝ። አልገባኝም። «ያ ሰውዬ እኔን ምን አለች አላቸው?»

ነገርኳት።

«ይኼን ብቻ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ሽማግሌዎቹ ተራቸው የደረሰ መስሏቸው ከግድግዳው ሥር እየተነሱ ነበር። አንደኛው ከዘራውን ይዞ ወደ በሩ አመራ፤ ሄጄ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ይግባኝ አልን። የበላዩ ፍርድ ቤት ያየው የተጻፈውን ነው፤ የተጻፈው ደግሞ የአስተርጓሚው ቃል ነው። አጎቴ እንሰቱን ሳይደርስ ነቅሎ መሬቱን አከራየ። እናቴም ቤቷን ዘግታ ከተማ የተከራየሁት ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረች። አስተርጓሚውን በገበያ ቀን አገኘው ነበር። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ «እናታችን ደህና ናት?» ይለኛል። እናታችን ይላል ደግሞ። ዛሬም ይቅር አላልኩትም፤ አልልም።

እናቴ ከተማ ገብታ ከአማርኛ አዘውትራ የምትለው አንድ ቃል ነው። ድሮ አንድ ወሬ ከጠዋት እስከ ምሳ የሚበቃት ሴት፣ እንግዳ መጥቶ ስለ ጓሮዋ ሲጠይቃት በሀዲይኛ ጀምራ ታቆምና «ባጭሩ» ትላለች፤ ከዚያ ወዲያ አትናገርም። እኔ «ሰማሁ፣ ቀጥይ» እላታለሁ። አትቀጥልም።

በኋላ ታመመች፤ ሕመሙ ሲጸናባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። በሐኪም ፈንታ የሚያክመው ድሬሰር መቼ እንደጀመራት፣ የት የት እንደሚያማት ጠየቀ። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ሁሉንም እነግረዋለሁ» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ባጭሩ፣ አመመኝ» አለች፣ በአማርኛ።

ድሬሰሩ ሳቀ። «ትችላለች እኮ» አለኝ፤ «ምን አስተርጓሚ ያስፈልጋታል?»