ሴል ቀላቢዋ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ቤተ ሙከራ ውስጥ ካንሰር መቀለብ ነው። ባልደረቦቿ «ቀላቢዋ» ይሏታል፤ እሷም ለምዳዋለች። ከሰው ጉበት ዕጢ የተወሰዱ ሴሎች በጠፍጣፋ ጠርሙስ ሆነው ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ ይኖራሉ፤ እሷ በየሁለት ቀኑ ግሉኮስ የሚባለው ስኳር ያለበትን ቀይ ፈሳሽ ትቀይርላቸዋለች። ሴል በዓል አያውቅ፣ እሑድ አያውቅ። አንድ ቀን ከቀረች ስኳሩን ጨርሰው፣ ቀዩን ፈሳሽ ቢጫ አድርገው ይጠብቋታል። ስኳሩን የቀነሰችባቸው ጊዜ ደግሞ እድገታቸው ቀጥ ይላል። ይህን ማንም አልነገራትም፤ በዓይኗ ያየችው ነው።

የታላቅ ወንድሟ ጉበት ላይ ዕጢ ሲገኝ ታዲያ ሐኪም እስኪመክራት አልጠበቀችም። ጋሼ የምትለው ይህ ሰው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ እናትና አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው፤ ዛሬም አብረው ይኖራሉ። ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር ካልሆነ አይጠጣም። የዚያኑ ዕለት የስኳሩን ጣሳ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወጣችው፤ ዳቦውንም ሙዙንም ከቤት አስወጣች።

«ስኳር የዕጢው ቀለብ ነው ጋሼ። እኔ እኮ በየቀኑ የማየው ነው።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለ። «የተማርሽው ለዚህ አይደል።»

ሦስት ሳምንት ስኳር የሌለው ሻይ ጠጣ፤ አንድም ቀን አላጉረመረመም። ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጥ፣ ላብ ያጠምቀው፣ ነገር ይጠፋበት ጀመር። እሷ በሽታው ጠናበት ብላ ጭራሽ የቀረችውን እፍኝ ሩዝ ቀነሰችበት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልትቀሰቅሰው ገብታ ብትጠራው ብትጠራው ዓይኑን ሊገልጥ አልቻለም። ታክሲ ጠርታ ሆስፒታል አደረሰችው።

ድንገተኛ ክፍል ነርሷ ጣቱን ወግታ የደሙን ስኳር መጠን ስታይ ሮጠች። ግሉኮስ በደም ሥሩ ሰጡት፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነቅቶ ጫማዬ የታል አለ።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ምን ሲበላ እንደከረመ ጠየቀቻት። አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ እሷም ደክሟታል።

«ጤነኛ ጉበት ስኳር አስቀምጦ ሳንበላ ስንቆይ ያወጣልናል። የሳቸው ይህን መሥራት አቅቶታል፤ ዕጢው ደግሞ ያገኘውን ይሻማል። ሲከለከሉ ቀድመው የሚራቡት እሳቸው ናቸው እንጂ እሱ አይደለም። ጠርሙስሽ ውስጥ እኮ ሴሉ ብቻውን ነው፤ የሚራብ ሰው የለበትም።»

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት ይኼው ነው። ያሳደጋትን ሰው በገዛ እጇ ልትገድለው ነበር። አፈረች፤ ከማፈሯ በላይ ግን ደከማት። በማግሥቱ ግን ሥራ መግባት ነበረባትና ገባች፤ ጠርሙሶቹ ቢጫ ሆነው ጠበቋት።

በሦስተኛው ቀን ቤት ገቡ። ጣሳውን አውርዳ ሻዩን አቀረበች። አንድ ጨመረች፣ ሁለት ጨመረች፣ ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ዕጢውም ከዚሁ እንደሚበላ ታውቃለች፤ ሐኪሟም አይበላም አላለቻትም።

ጋሼ አያት። «ለማን ነው የምትጨምሪው፣ ለኔ ነው ለሱ?»

«ለሁለታችሁም።»

«በይ ጨምሪ። እሱም ተሳፋሪ ነው፤ ሾፌሩ ከወደቀ የትም አይደርስ።»

ሦስተኛውን ጨመረችለትና ስኳሩ እስኪሟሟ ድረስ ቆማ አማሰለች።