ስምንተኛዋ ኮራል

አባባ ቾቶኩ ምላሳቸው አይጣል ነው። ለኛ ለኦኪናዋ ደሴት ቤተ ሙከራ በጀልባቸው ኮራል፣ ያን ድንጋይ መሳይ የባሕር እንስሳ፣ እየቆረጡ የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ የቁጥሯ ሴት ነኝ፤ ኮራሎች ሙቀት ሲጠናባቸው የትኛው ዘረመላቸው ምን ያህል እንደሚሠራ ተለክቶ ይመጣልኛል፣ በስታቲስቲክስ አጣራዋለሁ። «እግሯን ሳታረጥብ የባሕር ሐኪም ሆነች!» ይሉኛል፣ ጥቁር ስኳራቸውን እየቆረጠሙ።

አንድ ቀን ከጥልቁ ስምንት ኮራል አዘዝኳቸው። ሰባት አመጡና ስምንተኛዋን ከደጃቸው፣ ባሕሩ ሞልቶ ሲመለስ ከሚተወው ኩሬ ቆርጠው ጨመሩ።

«አባባ፣ ከጥልቁ ነው እኮ ያልኩዎት!»

«የጥልቁንማ ማንም ያመጣልሻል። ይቺ ባሕሩ ሲሸሽ ቀትር ላይ ስትቀቀል ትውላለች፤ ግን ፍንክች አትልም። ለኪያትና ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፊልኝ። ኩሬዋን ደፍነው የጀልባ ማቆሚያ ሊያደርጓት ነው።»

ቁጥሩ መጣ። የሰባቱ ዘረመል ዝም ብሎ ቆይቶ ሙቀቱ ሲነካው ተንጫጫ። ስምንተኛዋ ግን ገና ሳትሞቅ ከፍ ብላ ጀመረች፤ ስትሞቅም ብዙ አልጨመረች። እኔ አዋቂዋ ታዲያ ስሌቴን ታበላሽብኛለች ብዬ አወጣኋት። መዝገቡ ላይ «በአያያዝ የተበላሸች» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን ሊጠይቁኝ ሲመጡም፣ «ባልዲውን ፀሐይ ላይ ረስተውት ነው» አልኳቸው።

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ባልዲ ረስቼ አላውቅም» አሉና ወጡ። ኩሬዋ በመጋቢት ተደፈነች።

በሁለተኛው ዓመት ባሕሩ ጋለ፤ የጥልቁ ኮራል ሁሉ ነጥቶ አለቀ። ያኔ የድሮውን ቁጥር ከፍቼ አፈጠጥኩበት። ስምንተኛዋ አልተበላሸችም ነበር! በየቀኑ ስለምትቀቀል ሙቀቱን ተዘጋጅታ ነው የምትጠብቀው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

ሄድኩ። አባባ ኩሬዋን በደፈነው ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

«አባባ፣ ባልዲውን አልረሱትም ነበር። በደልኩዎት።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። አዲስ ወሬ ካለሽ አምጪ።»

«የእሷ ዘር ሌላ ቦታ ይገኝ ይሆን?»

ሲሚንቶውን በተረከዛቸው መቱት። ከዚያ ቀና አሉ። «አንቺ ጋ የቀረች የለችም?»

«ጥፍር የምታህል አለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ ናት።»

ፊታቸው በራ፤ መረቡን ጥለው ተነሡ። «ታዲያ ምን ያስቀምጠናል! አምጪያት፣ እንትከላት!»

«አትበቅልም፣ አባባ» አልኳቸው። «ለቁጥሩ ብዬ አስፈጭቻታለሁ።»