ወንድ ይሁን ሴት ያልታወቀው መንገደኛ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ወጣ ሲል፣ የጋምቤላ ፀሐይ ጥላችንን ራሱ ጥላ ፍለጋ በምታባርርበት ሰሞን ነው። እኔ ወሬ የማበዛ ሾፌር ነኝ፤ ካወራሁት ሲሶው እውነት ከሆነ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። በዚህኛው ግን ምንም አልጨመርኩበትም። ምናልባት ከአእምሮዬ የማይወጣውም ለዚህ ይሆናል።

ሰናይት የምትባል የነፍሳት ተመራማሪ ጎግ ጫካ ድረስ እንዳደርሳት መኪናዬን ተከራየች። ሰው ወደዚህ አገር ለወርቅ ይመጣል፣ ለዓሣ ይመጣል፤ እሷ የመጣችው ለረገፈ ቅጠል ነው። ከዛፍ ሥር የበሰበሰውን እያፈሰች በወንፊት ትነፋለች፤ የወረደውን በጨርቅ ከረጢት ትሞላለች። ምን እንደጠፋባት ብጠይቃት አጉሊ መነጽሯን ሰጠችኝ። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ጥንዚዛ ትራመዳለች። ክንፍ የላትም፤ እዚያው ቅጠል ሥር ተወልዳ እዚያው ታረጃለች።

"እስካሁን ማንም ያልመዘገባት ትመስለኛለች" አለችኝ።

ችግሩ፣ ከዚህ ቀደም ያገኘቻቸው ሁሉ ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ጥንዚዛዎች ከላይ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው፤ ዝርያቸው የሚለየው በወንዱ ሀፍረተ ሥጋ ነው፤ ያውም በማይክሮስኮፕ። ወንድ ካልተገኘ አዲስ ዝርያ ናት ብሎ መጻፍ አይቻልም። ይህን ሰምቼ ስንመለስ ከጎግ እስከ አቦቦ ከተማ ስስቅ መጣሁ። እሷ አልሳቀችም። ደጋግማ መጥታ ባዶ እጇን ተመልሳለች፤ ከዚህ በኋላ የሚልካት አልነበረም።

ኬላ ስንደርስ ሳጅን ኦሞድ አስቆመን። የሚያውቀኝ ፖሊስ ነው። ምን እንደጫንኩ ሲጠይቀኝ ከስንት አንዴ እውነቱን ተናገርኩ፤ "ቅጠል" አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ቅጠል ሲባል የሚቃምም አለ፣ የሚጨስም አለ። ፈጠን ብዬ ጥንዚዛ እንደያዝን፣ ጥንዚዛዋም ጤፍ እንደምታህል፣ የምንፈልገውም ባሏን እንደሆነ አስረዳሁት። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ ባሰ።

"ጋሼ፣ ባለፈው አዞ ሊፍት ሰጠሁ አልከኝ" አለ። "ዛሬ ደግሞ ጥንዚዛ ትድራለህ። አውርድ፣ አስፋልት ላይ ገልብጥ።"

ሰናይት ዘላ ወረደች። ከረጢቱ ከተማ ደርሶ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ፣ ቅጠሉ ቀስ እያለ ሲደርቅ ነው ነፍሳቱ ወደ ታች እየወረዱ የሚያዙት። ያ አስፋልት ግን እንኳን ጥንዚዛ ጎማም ይጠብሳል።

"ሳጅን፣ ፀሐይ ካገኘው ያልቅብኛል" አለችው።

"ስሙ ማነው?"

"ስም የለውም። ገና ልሰጠው ነው።"

"እዚህ ኬላ ስም የሌለው አያልፍም።"

አልተከራከረችም። ኬላው አጠገብ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ነጭ ሰሃን አስቀምጣ ከከረጢቱ ጥቂት አፈሰሰችበትና መነጽሯን አቀበለችው። ሳጅኑ አጎነበሰ። ቆየ። ከኋላችን የቆሙት ሚኒባሶች ጡሩንባ ሲነፉ ቀና ሳይል በእጁ ዝም አሰኛቸው።

"ይሄዳል" አለ በመጨረሻ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወንድ ነው ሴት?"

"እኔም የቸገረኝ እሱ ነው" አለች ሰናይት።

ትንፋሹን ይዞ፣ በሣር ጫፍ እየገፋ ሁሉንም ወደ ከረጢታቸው መለሳቸው። ከዚያ ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሮ አመጣና ከረጢቱን ከፀሐይ ከለለልን። ስም ሲወጣለት እንድንነግረው አደራ ብሎ ገመዱን አነሳ።

ከሳምንታት በኋላ ባሮ ዳር፣ አቻላ ምግብ ቤት ዓሣ እየበላሁ ስልኬ ጠራ። ሰናይት ናት። ከዚያ ከረጢት ከወጡት መካከል አንዱን ማይክሮስኮፕ ሥር አይታዋለች።

"ወንድ ነው" አለችኝ።

እጄ በዳጣ እንደተለወሰ ብድግ ብዬ "ወንድ ነው!" አልኩ፤ ባሮን ተሻግሮ ሳይሰማ አልቀረም።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። የማላውቀው ሰው ሁሉ ይስመኝ ጀመር። ጥግ ላይ የነበሩ ፓስተር እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። የምግብ ቤቱ ባለቤት አቻላ ሽበቴን እያየች ስንተኛዬ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

"በዓለም የመጀመሪያው" አልኳት።

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ግን ዛሬም ሳስታውሰው ደረቴ ይሞላል። የራሴ ልጆች ሲወለዱ እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም፤ ይህችን ብቻ ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ።