ታሞ የዳነ ያስታምም

ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የተነሳሁት ለዘመድ ጥየቃ አልነበረም። ያሳደገችኝን አክስቴን ዘይነባን ኮሮና እንደገና ያዛት የሚል ስልክ ስለደረሰኝ ነው። ነርስ ነኝ፤ አምጥቼ ላሳክማት ቆርጬ ወጣሁ።

ጠዋት፣ መንገድ ላይ

ሚኒባሱ ውስጥ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጠቀጠቅን። ማስክ ያደረግኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ረዳቱ በሽታው ካገር ወጥቷል ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀብኝ፤ ተናደድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ከጅዳ የተመለሰች ልጅ ግን አልሳቀችም። እዚያ ተከትባም መታመሟን፣ ሆኖም ቶሎ እንደተሻላት ነገረችኝ።

አቀስታ ላይ ትኩስ ሽሮ በላን፤ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ከዚያ በኋላ በገብስ ማሳዎች መካከል ስንንገጫገጭ ቆየን።

ከሰዓት፣ መካነ ሰላም

አክስቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። እየሳለች የሆነውን ነገረችኝ። ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ማኅበር ማለት ነው፣ ኮሮና ይዞት የዳነ ሰው ዳግም ስለማይያዝ በሽተኛ የሚያስታምመው እሱ ይሁን ብሎ ወስኖ ኖሯል። በመጀመሪያው ዙር ታማ የዳነችው አክስቴ ከቤት ቤት እየዞረች ስታስታምም ወደቀች። አሁን ትንሽ ቀና ስላለች ደግሞ ነገ ሌላ ቤት ሊልኳት ነው።

ደሜ ፈላ። አልሄድም በያቸው አልኳት።

«ሰው ታሞ እያየሁ? ወላሂ አላደርገውም» አለች።

የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ሼህ ሙሄ ቁርአን አስተማሪ ናቸው። ልጆቹ በእንጨት ሉሃቸው ላይ ፊደል ሲገለብጡ ደረስኩ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳልሰጥ አክስቴን ለምን ትልካላችሁ ብዬ ጀመርኩባቸው። አልተቆጡም። ፈንጣጣ አንዴ የያዘውን ሰው ስለማይደግም አባቶቻቸውም እንዲሁ ያስታምሙ እንደነበር ነገሩኝ።

«ሼህ፣ ልጆቹ ሲገለብጡ አይሳሳቱም?» አልኳቸው። «ቫይረሱም ሰው ውስጥ ሲባዛ ራሱን ይገለብጣል፤ ይሳሳታልም። ብዙው ስህተት ከንቱ ነው፤ አንዳንዱ ግን መልኩን ይለውጠዋል። የአክስቴ ሰውነት የሚያውቀው የፊተኛውን መልክ ነው። ማወቁ ትንሽ ያግዛታል እንጂ በሩን አይዘጋላትም።»

ሉሆቹን አዩ። «እናንተ ይህን ካወቃችሁ ቆያችሁ?» አሉኝ።

«ቆየን።»

«ታዲያ ለኛ ማን ነገረን፣ ልጄ?»

መጀመሪያ ሰሞን እጅ ታጠቡ እያልን በድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ያናወጥነው እኛ የጤና ሠራተኞች ነን። ቫይረሱ መልኩን ሲለውጥ አንዳችንም አልተመለስንም። ይዤው የመጣሁት ንዴት እዚያው ወደ ራሳችን ዞረ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሼህ ሙሄ ቅሬውን ሰብስበው ደንቡን ሻሩት። ከእንግዲህ ሁሉም በየተራው፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ፣ መስኮት ከፍቶ ያስታምም አሉ። በማግስቱ አክስቴን ይዤ ተነሳሁ።

ደሴ

አክስቴ ኦክስጅን ተደርጎላት ተረፈች፤ ዳገት ግን እንደ ድሮው አይሆንላትም። ሥራ በገባሁ ቀን አለቃዬ የሚስሉት በሽተኞች የተኙበትን ክፍል እንድይዝ አዘዘኝ። ማስክ ስጠይቀው ሳቀ።

«አንቺ ደግሞ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው? ኮሮና አንዴ ይዞሽ ለቆሽ የለ?»

«መካነ ሰላም አንድ ቅሬ እንደዚህ ይል ነበር» አልኩት። «እነሱ ሲነገራቸው በዚያው ማታ ሻሩት። አንተ ግን ከነሱ በፊት ታውቅ ነበር።»

ማስኩ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆምኩ።