የአዴ ሃሊማ እሾህ

አንድን ነገር ላስተካክል ብላችሁ ገብታችሁ፣ ያበላሻችሁት ራሳችሁ መሆናችሁን ስታዩ ክው ብላችሁ ታውቃላችሁ? ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ አጥሬ ሥር የበቀለውን ቁርቁራ ሊመነጥርልኝ ገጀራ ይዞ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ እሾሁ ቀሚሴን እንዳይቀድደው አስቦ ነው። ገጀራውን ሲያነሳ "ተው!" ብዬ የጮኽኩት ጩኸት ራሴን አስደነገጠኝ። ምክንያቱን ሳስረዳው የቀረበለት ሻይ ቀዘቀዘ። ለእናንተም ላስረዳ።

ጊዜው ደርግ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ ከደብረ ብርሃን ተነስቼ የሳይንስ መምህርት ሆኜ ድሬዳዋ ገባሁ። ያኔ ሁሉም ነገር መስመር መያዝ አለበት ብዬ አምን ነበር፤ ጠመኔዬን እንኳ በቁመቱ ነበር የምደረድረው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ ደግሞ ወንዝ አልመስል አለኝ። አሸዋ ብቻ! ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይተኛበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል።

ከከተማው ወደ ላይ፣ ወንዙ ዳር፣ አዴ ሃሊማ የፓፓያና የሎሚ እርሻ ነበራት። "አዴ" በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። እኔ በአገሬ ልማድ አንቱ ስላት "ስንት ሆኜ ታየሁሽ?" እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ ድሬ ሁሉም አንተና አንቺ ነውና። አምስት ልጆች ያሳደገችው ከዚያች እርሻ ለቅማ ቀፊራ ገበያ በምትሸጠው ፍሬ ነው።

በእርሻውና በአሸዋው መካከል ቁርቁራና ቁልቋል የተጠላለፈበት ረጅም የእሾህ ጥሻ ነበር። በየዓመቱ ቅርንጫፍ እየቆረጠች ትሰካካበታለች። ለእኔ ግን የእባብ ጎሬ ነበር። ቀበሌው የወንዝ ዳር ጽዳትና የችግኝ ተከላ ዘመቻ ሲያውጅ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ዕቅዱን በማስመሪያ ሠራሁት፤ ጥሻው ይመነጠራል፣ በቦታው ችግኞች በየሁለት ሜትሩ ይተከላሉ።

"ቲቸር፣ እሱን አትንኪ አቦ" አለችኝ አዴ ሃሊማ፣ ተማሪዎቼን አስከትዬ ስመጣ።

"ችግኞቹ ሲያድጉ እኮ ሥራቸው አፈርሽን ይይዝልሻል" አልኳት። አሸዋው ላይ በእንጨት ሥዕል ሳይቀር ሣልኩላት።

ሥዕሉን አየችው። "ሲያድጉ አልሽ። እስኪያድጉስ?"

እንጨቱን ከእጄ ወስዳ ቀጠለች። "ስሚኝ። ጎርፍ እንግዳ ነው፤ አትከለክይውም። ግን በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። ይሄ እሾህ ጫማ ማስወለቂያዬ ነው። ድንጋዩን ውጭ ይተዋል፣ ጭቃውን ይዞ ቀስ ብሎ ይገባል። ፓፓያዬ የሚበላው ያንን ጭቃ ነው።"

"ዋሪያ! ጎርፍ ጫማ አለው!" አለ አንዱ ተማሪዬ ጓደኛውን እየጎሸመ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እስካሁን አፍርበታለሁ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥቶ ዕቅዴን ገለጥ ገለጥ አደረገና "ጓድ መምህርት ያለችው ይፈጸም" አለ። በዚያ ዘመን ከዚህ በኋላ ክርክር የለም። ሦስት ጠዋት መነጠርን፤ እሾሁንም አቃጠልነው። በሦስተኛው ቀን ፀሐዩ ሲበረታ አሥር እርምጃ የሚሆን ጥሻ ስላልደረስንበት ቀረ። ነገ እንጨርሰዋለን ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጠዋት ችግኞቹን በገመድ መስመር እያስያዝን ስንተክል የቀረው ጥሻ ሳይነካ ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ውኃ እናጠጣቸው ነበር። ሚያዝያ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አንድ ደመና የሌለበት። አዴ ሃሊማ ፓፓያ እየለቀመች ሳለ ድንገት ቀና አለችና አየሩን አሸተተች።

"ልጆቹን አውጪ!"

"ምን ሆነ?"

"ላይ ተራራው ላይ ዘንቧል! አውጪያቸው!"

እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ዝናብን የማውቀው ከራሴ በላይ ባለው ሰማይ ነው። ግን ድምፅዋ አስፈራኝና ልጆቹን እየገፋሁ ከፍታው ላይ ወጣን። ቀዝቃዛ ነፋስ የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፅ ባቡር መስሎኝ ወደ ጣቢያው ዞርኩ። ባቡር አልነበረም።

ቡናማ ውኃ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ። በገመድ ያስተካከልኩት መስመር እንደ ተከፈተ በር ሆነለት። ፓፓያዎቹ ቆመው ሳሉ ጥቂት ተንቀጠቀጡ፤ ከዚያ የሉም። አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ውኃው ሲጎድል እርሻው ነጭ ድንጋይ ነበር። አፈሩ ራሱ ሄዷል።

ከቀረችው አሥር እርምጃ ጥሻ ኋላ ግን ሰባት ፓፓያዎች ቆመዋል። ከሥራቸው ስንዝር የሚሆን አዲስ ጭቃ ያብረቀርቃል። ድንጋዩ ከእሾሁ ውጭ፣ መስጊድ ደጃፍ እንደተወለቀ ጫማ ተከምሯል።

አዴ ሃሊማ አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

"ቲቸር፣ አሁን አስረጂኝ።"

 

በማግስቱ ከተማሪዎቼ ጋር የቁርቁራ ቅርንጫፍ ተሸክመን ሄድን። እጃችን እየደማ ግንዱን ወደ እርሻው፣ እሾሁን ወደ ውኃው እያደረግን ሰካን። ለወር ያህል "እንደሱ አይደለም" ከማለት በቀር አላናገረችኝም። አፈሩ በየጎርፉ ስንዝር ስንዝር ተመለሰ፤ በአራተኛው ዓመት አዲሶቹ ፓፓያዎች ፍሬ ሰጡ። የመጀመሪያውን ሰንጥቃ ሎሚ ጨመቀችበትና አቀበለችኝ።

"ብዪ። የደማሽበት ነው።"

ጎረቤቴ ይህን ሰምቶ ገጀራውን መሬት አስቀመጠ። እናንተም አንድ ነገር ሞክሩ። ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ልትመነጥሩት ካሰባችሁት ጥሻ ዘንድ ቁጢጥ በሉ። ውኃው ከሚመጣበት በኩል አንድ እፍኝ፣ ከጥሻው ኋላ አንድ እፍኝ አፈር አንሡና በጣታችሁ ፍጩት፤ የትኛው እንደሚለሰልስ አስተያዩ። ከዚያ አካባቢው ላይ ብዙ ዘመን የኖረውን ሰው ጥሻው ምን እንደሚሠራ ጠይቁ፤ ሲመልስላችሁም አትሳቁ። ገጀራውን ከዚያ በኋላ አንሡት፤ እጃችሁ እሺ ካላችሁ።