ፀሐይ ያወከችው ልኬት

ቱሪያ የመሬት ቀያሽ ናት። እኔ ክፍሉ መኪናዋን ስነዳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ስድስቱንም ዓመት አቃጥላኛለች። አንድን ነጥብ አንዴ ለክታ አትሄድማ! በዚህ በድሬ ሙቀት ግማሽ ሰዓት አስቁማን እንደገና ትለካለች። ይበቃል አቦ ብላት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች።

በግንቦት 2016 መጀመሪያ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መልካ ጀብዱ ሄድን። ጎርፍ የድንበር ችካል ነቅሎ ወስዶ፣ ዋርሳንና ጎረቤቱ ቡልቻ በአንድ የውሃ ጉድጓድ ተካረዋል። የችካሉ ቦታ በመዝገብ ላይ በቁጥር ተጽፏል፤ ቱሪያ በሳተላይት መለኪያዋ ቦታውን ታገኛለች፣ ሁሉም ይፈርማሉ፣ አለቀ። ጣጣው ዋርሳን የእናቷ ወንድም መሆኑ ነው። ቡልቻ ግን እሷን አምናታለሁ ብሎ ተስማምቷል።

መጀመሪያ ስትለካ ጉድጓዱ ለዋርሳን ሆነ። ዘመድ አዝማዱ እልል ሊል ምን ቀረው! እኔም ተመስገን ብዬ የመኪናውን ቁልፍ አወጣሁ። እሷ እቴ! ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ደገመችው፤ ጉድጓዱ ለቡልቻ ሆነ። ሦስተኛው ልኬት ደግሞ ከሁለቱም ራቀ። ስልኳን አየት አደረገችና ሁለቱን ባለጉዳዮች ጠርታ ሁሉንም ቁጥር አሳየቻቸው። የመጀመሪያውን ይዛ ብትፈርም ማን ያውቅባት ነበር?

ሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ሲጀምሩ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። ፀሐይ ብርሃን ብቻ ሳይሆን ነፋስም ትልካለች፤ ኤሌክትሪክ ያዘለ ነፋስ። የምድር ማግኔት፣ የመኪና የፊት መስታወት አቧራውን ወደ ጎን እንደሚያሳልፍ፣ ያሳልፈዋል። ነፋሱ ግን የራሱንም ማግኔት ይዞ ነው የሚመጣው። አቅጣጫው ከምድር ማግኔት ጋር ተቃራኒ ከሆነ ሁለቱ ይያያዙና መከላከያው ይከፈታል። ያኔ የነፋሱ ጉልበት ገብቶ የላይኛውን ሰማይ ያምሰዋል፤ የሳተላይቱ ምልክት በዚያ ሲያልፍ ይዛባል፣ መለኪያውም ይሳሳታል። ሰሞኑን ደግሞ ፀሐይ ብሶባታል፣ በዓለም ሁሉ ወሬው እሱ ነው አለቻቸው።

ዋርሳን ፊቱ ጠቆረ። "የመጀመሪያው ምን ጎደለው? ለምን ነካካሽው?"

"አጎቴ፣ ስህተት መሆኑን ባወቅኩት ቁጥር ላንተም ቢሆን አልፈርምም። ማክሰኞ እመለሳለሁ" አለችው።

እስከ ማክሰኞ የእናቷ ወገኖች ሰላምታ ነሷት። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ፈርቼላት ነበር። ሥራዋን ብላ አጎቷን ልታጣ ነው፣ ወይም አጎቷን ብላ ስሟን ልታጣ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ ግን ማክሰኞ ጠዋት ቁርሷን በልታ፣ መለኪያዋን ጠርጋ፣ በሰዓቷ መጣች።

ሰማዩ ረግቷል። አምስት ጊዜ ለካች፣ አምስቱም አንድ ቦታ ላይ ወደቀ። ጉድጓዱ የቡልቻ ነው። በአጎቷ ዓይን ፊት ችካሉን በእጇ መትታ ተከለችና ወረቀቱን መጀመሪያ ለእሱ ሰጠችው። ዋርሳን ችካሉን አየ፣ እሷን አየ።

"ለእኔ ብለሽ ያልዋሸሽ፣ ለቡልቻ ብለሽ አትዋሺም" አለና ፈረመ።